ከዓለም ገና ግራና ቀኝ

ዓለም ገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀኙን የያዘ ሰበታን፣ ወሊሶንና ወልቂጤን አልፎ ወደ ጅማ ይሄዳል። ግራውን የያዘ አዋሽን ተሻግሮ፣ ጢያንና ቡኢን አልፎ ቡታጅራ ይገባል። ለብዙ ሰው ይህ ተራ መገንጠያ ነው። ለእኔ ግን ግራው የአባቴ አገር መንገድ ነው፤ ቀኙ የእናቴ። አባቴ ክስታኔ ነው፤ የሶዶ ልጅ። እናቴ የእምድብር ልጅ ናት፤ ቸሃ። ሁለቱም ጉራጌ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው በየቋንቋቸው ቢያወሩ ግን በቅጡ አይግባቡም። ስለዚህ መርካቶ ተገናኝተው ሲጋቡ የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ ሆነ። ለእኔና ለወንድሞቼ ከሁለቱም ሳይደርሰን ቀረ።

ባለፈው ጥቅምት የሦስት ቀን ዕረፍት አግኝተን ባለቤቴን፣ የ7 ዓመት ልጄንና የ74 ዓመት አባቴን ይዤ ግራውን መንገድ ያዝኩ። ሥራዬ ማርኬቲንግ ስለሆነ ያለ ሰንጠረዥ መንቀሳቀስ አልችልም። ዓርብ ጢያና የአባዬ መንደር፣ አዳር ቡታጅራ። ቅዳሜ አራ ሸይጣንና ዝዋይ። እሑድ በመጣንበት መንገድ መመለስ። ሰዓቱ ሁሉ ሳይቀር ተጽፏል። እምድብር በዕቅዱ ውስጥ አልነበረችም። ረስቻት አይደለም፤ ሆን ብዬ ነው የተውኳት።

መገንጠያው ላይ ስንደርስ ባለቤቴ መሪውን ወደ ግራ ሲያዞር አባዬ አንገቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ቆየ። ጭኑ ላይ ያስቀመጣትን ትንሽ ሻንጣ ከኋላ እንድናስቀምጥለት ብንለምነው እምቢ ብሏል። መድኃኒቱን የያዘባት መስሎኝ ዝም አልኩ።

ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደተጓዝን የአዋሽ ድልድይ ላይ ደረስን። ወንዙ እዚህ ገና ልጅ ነው፤ በአፋር በረሃ ገብቶ የሚቀረው ያ ታላቅ አዋሽ ነው ብሎ የሚገምት የለም። መልካ ቁንጡሬ የሚባለው የአርኪዮሎጂ ሥፍራ እዚሁ ዳር ላይ ነው። ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ የሰው ልጅ ታሪክ የተቆፈረበት ቦታ ሲሆን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከአጎራባቹ ባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሙዚየሙ ትናንሽ ጎጆዎች ናቸው፤ ልጅ ይዞ ለመግባት የሚያመች እንጂ የሚያደክም አይደለም። ልጄ ጥቁር መስታወት የመሰለውን የባልጪት ድንጋይ አይቶ፣ «በዚህ ሥጋ ይቆርጡ ነበር?» አለ። አባዬ ቀበል አድርጎ፣ «አዎ፤ ክትፎ የተጀመረው እዚህ ነው» አለው። እስከ ጢያ ድረስ ስንስቅ ሄድን።

ልጄ ቀጥሎ የጠየቀው ጥያቄ ግን አባዬን ከወንበሩ ቀና አደረገው። «አባባ፣ ይሄን መንገድ ማነው የሠራው?»

«እኛ» አለ አባዬ።

ቀልድ መስሎኝ ነበር። አይደለም። በ1950ዎቹ፣ አብዛኛው ኑሮውን አዲስ አበባ ያደረገ የሶዶ ጉራጌ ተሰብስቦ ከዓለም ገና እስከ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቅ መንገድ የሚያሠራ ማኅበር አቋቋመ። መንግሥት እስኪደርስለት አልጠበቀም፤ ነጋዴው፣ ሊስትሮው፣ ቆራሌው እንዳቅሙ አዋጣ። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ የተባሉ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1972 በለንደን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን የሠሩት በዚሁ ማኅበር ላይ ነው። በእናቴ በኩል ያለው ሰባት ቤት ጉራጌም በዚያው ዘመን የራሱን የመንገድ ሥራ ማኅበር መሥርቶ በምዕራቡ በኩል መንገድ አስወጥቷል። የአባዬ አባት መርካቶ ውስጥ ጨርቅ ተሸክሞ የሚሸጥ ሰው ነበር። ከሚያገኛት ላይ እየቆጠበ በየወሩ ያዋጣ እንደነበር አባዬ ለልጄ ነገረው።

«ለምን አዋጣ? መኪና ነበረው?»

«መኪና የለውም። አባቱ ሲሞት ወሬው አዲስ አበባ እስኪደርስ፣ እሱም በእግርና በበቅሎ አገር ቤት እስኪገባ አፈር ቀድሞበት አገኘው። መንገድ ቢኖር እደርስ ነበር አለ። ማኅበሩ ሲመጣ የመጀመሪያ አዋጪ እሱ ሆነ።»

ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። አባዬ ከዚህ በኋላ ምንም አልተናገረም፤ እኔም ዝም አልኩ። ምክንያቱም በቤታችን ውስጥ ለቀብር ያልደረሰ ሰው ሌላም ነበር።

እናቴ ያረፈችው በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ነው። ያንን ጊዜ የምታስታውሱ ታውቁታላችሁ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ነበር፣ ሰው መሰብሰብ አይችልም፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን አይጣልም። እናቴን የወሰዳት ያው ወረርሽኙ ነበር። ማታ አረፈች፤ በማግስቱ ጠዋት ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች መጥተው፣ እኛ ከርቀት ቆመን ተቀበረች። ታላቅ እህቷ እትዬ እምድብር ነበሩ። አባዬ ደወለላቸው፤ ግን ከቀብር በኋላ። እትዬ ስልኩ ላይ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እህቴን በስልክ ቀበርኳት» ብለው ዘጉት። ለአርባዋ አልመጡም። አባዬ በየዓመቱ ለመስቀል የሚልክላቸው የሥጋ መግዣ በመጣበት እጅ ይመለሳል። አምስት ዓመት እንዲህ አለፈ። እኔም እደውላለሁ እያልኩ አንድ መስቀል፣ ሁለት መስቀል፣ አምስት መስቀል አሳለፍኩ።

ጢያ ስንደርስ ፀሐይዋ ወጣ ብላ ነበር። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1980 የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ሲሆን 36 ትክል ድንጋዮች አሉት፤ 32ቱ ምልክት ተቀርጾባቸዋል። ልጄ አንድ በአንድ እየቆጠረ ጎራዴዎቹን በጣቱ በአየር ላይ ይስላል። በሶዶ አካባቢ ወደ 160 የሚጠጉ እንዲህ ያሉ ሥፍራዎች እንዳሉ ተመዝግቧል። ብዙዎቹን ምልክቶች እስከ ዛሬ በእርግጠኝነት ያነበባቸው የለም። ድንጋዮቹ የተተከሉበት መሬት ግን መቃብር መሆኑ በቁፋሮ ተረጋግጧል። አባዬ ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። አንደኛው ትክል ድንጋይ ሥር ቆሞ ከአንገቱ ዝቅ አለ። እኔ የጊዜ ሰሌዳዬን እያየሁ፣ «አባዬ፣ 20 ደቂቃ አልፎናል» አልኩት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አባዬ የተወለደባት መንደር ከቡኢ ወጣ ብላ ነው። አጎቴ ቤት ቆጮ በአይብና በጎመን ቀረበልን። ልጄ ቆጮውን እንደ ብስኩት በእጁ ሰብሮ ሲበላ የአጎቴ ሚስት በደስታ ሳቀች። እንሰቱ ቤቱን ከኋላ እንደ አጥር ከቦታል፤ ቅጠሉ ሥር የገባ ልጅ ይጠፋል። ልጄም ጠፋ፤ ግማሽ ሰዓት ፈልገን ከዘመዶቹ ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወት አገኘነው። የምሳ ሰዓታችን ሦስት ሰዓት ተገፋ። ሰንጠረዡን ያን ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

ቡታጅራ የገባነው ሲመሻሽ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ዋና ከተማ የሆነች፣ ከጉራጌ ተራሮች ግርጌ የተዘረጋች ከተማ ናት። ባጃጁ፣ የማረቆ በርበሬ በማዳበሪያ ጭነው የሚገቡት አይሱዙዎች፣ ከየምግብ ቤቱ የሚወጣው የኮረሪማና የንጥር ቅቤ ሽታ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይቀበላችኋል። በጣባ የመጣ ክትፎ በልተን ተኛን። ክትፎን አዲስ አበባ ውስጥ በስንት ብር እንደምንበላ የምታውቁ፣ እዚያ ስትበሉት ከዋጋው ይልቅ ቅቤው ያስገርማችኋል።

ቅዳሜ ጠዋት አራ ሸይጣን ሄድን። ከቡታጅራ ወደ ወራቤ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሄዳችሁ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላችሁ አንድ ተራ የሚመስል ጉብታ ትወጣላችሁ። ጫፉ ላይ ስትቆሙ መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይጠፋል፤ ገደሉ ታች ላይ ክብ አረንጓዴ ሐይቅ ተቀምጧል። እሳተ ገሞራ ያፈነዳው ጉድጓድ ነው። የአካባቢው ሰው ግን ሌላ ይላል፤ ጦሩን መሬት ላይ የወረወረ ጠንቋይ ነበር፣ ጦሩ የተሰካበት ቦታ ሐይቅ ሆነ ይላል። እዚያ ያገኘናቸው ልጆች ደግሞ ድንጋይ ብትወረውሩ ውኃው ጋ አይደርስም፣ ሸይጣኑ ይይዘዋል አሉን። ልጄ ወረወረ። ባለቤቴ ወረወረ። ልጆቹ ሳቁብን። የማንም ድንጋይ ውኃውን ሲነካ አልታየም፤ ገደሉ ከሚታየው በላይ ሰፊ መሆኑን ባለቤቴ ለልጃችን ለማስረዳት ቢሞክርም ልጄ የመረጠው የሸይጣኑን ታሪክ ነው። ማስጠንቀቂያ ቢጤ፦ ጠርዙ ላይ አጥር የለም። ልጅ ይዛችሁ ከሄዳችሁ እጁን አትልቀቁ።

ከዚያ ወደ ቡታጅራ ተመልሰን ወደ ዝዋይ ወረድን። 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን አገሩ በዚያች ርቀት ውስጥ ፈጽሞ ይለወጣል። ከተራራው ሥር ከእንሰትና ከባሕር ዛፍ ተነሥታችሁ፣ የማረቆን የበርበሬ ማሳ ተሻግራችሁ፣ ግራር ወዳለበት ሞቃታማው የስምጥ ሸለቆ ወለል ትገባላችሁ። ባቱ ከተማ፣ ሐይቁ ዳር፣ አሣ አስጠበስን። አባ ኮዳዎቹ ራሳቸው መላጣ፣ ኮታቸው ጥቁር፣ ቀብር ላይ እንደመጡ የቀበሌ ሽማግሌዎች ተደርድረው የአሣ ትራፊ ይጠብቃሉ። በሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ የዛይ ሕዝብ የኖረበት፣ ታቦተ ጽዮን በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም ሸሽታ የተጠለለችበት ነው ተብሎ በትውፊት የሚነገርለት ገዳም ያለበት።

ልጄና ባለቤቴ ጀልባ ለማየት ሄዱ። አባዬና እኔ ቀረን።

«ይህ ውኃ ከየት እንደሚመጣ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«ከዝናብ» አልኩት።

«የመቂ ወንዝ ያመጣዋል። መቂ የሚነሣው ከእኛ ተራራ ነው። በተራራው በዚህ በኩል የዘነበ እዚህ ይገባል። በወዲያኛው በኩል የዘነበው ደግሞ በዋቤ አድርጎ ግቤ፣ ከግቤ ኦሞ፣ ከኦሞ ኬንያ ጠረፍ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። ተራራው አንድ ነው፤ ውኃው ግን አይገናኝም። እናትሽ ይህን ስትሰማ፣ እኔና አንተ ነና! ብላ ስቃ ነበር።»

ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ።

«ያን ዕለት ያልደወልኩት ረስቼ አልነበረም። ማታውኑ ብደውል ትመጣ ነበር። በእግሯም ቢሆን ትመጣለች። መጥታ ምን ታይ? እህቷን የማታውቃቸው ሰዎች በፕላስቲክ ጠቅልለው ሲወስዷት? ልትስማት አትችል፣ ልታቅፋት አትችል፣ ደረቷን ልትደቃ አትችል። እኔ ያየሁትን እሷ እንድታይ አልፈለግኩም። በኋላ ግን አሰብኩት፤ ያ የእኔ ውሳኔ አልነበረም። የእሷ እህት ናት። ማየት አለማየትን መምረጥ የነበረባት እሷ ናት። እኔ መረጥኩላት።»

ምን እንደምል አላወቅሁም። እኔም በዚያን ዕለት እቤት ነበርኩ፤ ስልክ እጄ ላይ ነበር። «እትዬን ማን ይንገራት?» ብዬ የጠየቅሁትም እኔ ነኝ፤ አባዬ «ቆይ» ሲለኝ እፎይ ያልኩትም እኔው ነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ጥፋቱን ለእሱ ትቼ ቆየሁ።

«ነገ በተራራው እንሂድ» አለኝ። «ሰንጠረዥሽ ካልተናደደ።»

እሑድ ከቡታጅራ ወደ ጉብሬ የሚወስደውን መንገድ ይዘን ወደ ላይ ወጣን። የጉራጌ ተራሮች ከ3000 ሜትር በላይ ይነሣሉ፤ ዘቢዳር የሚባለው ጫፍ ደግሞ ከሁሉም በላይ ነው። መንገዱ ይጠማዘዛል፤ ቡታጅራ ታች እንደ ተበተነ ቆርቆሮ እያነሰች ትሄዳለች። ወደ ላይ ስንወጣ እንሰቱ ቀንሶ ገብስ በዛ። ጉሙ መጥቶ መኪናችንን ሲውጣት ባለቤቴ መብራት አብርቶ በቀስታ ነዳ። ጋቢ የተከናነቡ ሰዎች በፈረስ ከጉሙ ውስጥ ብቅ እያሉ እጅ ይነሡናል፣ ተመልሰው ይጠፋሉ። ልጄ ለብሶት የመጣው ቲሸርት ብቻ ነበር፤ አባዬ ኮቱን አውልቆ አለበሰው። አናቱ ላይ ስንደርስ አባዬ መኪናውን አስቆመ። ልጄን ይዞ ወረደና ከያዙት የፕላስቲክ ውኃ ግማሹን በአንድ በኩል፣ ግማሹን በሌላ በኩል አፈሰሱ። «ይሄ ዝዋይ ይገባል፤ ይሄ ደግሞ ኬንያ» እያለ ልጄ ዘለለ። የቆምንበት ቦታ በትክክል የውኃው መለያ ይሁን አይሁን አልጠየቅንም።

ቁልቁለቱን ስንጨርስ አየሩ ሞቀ፤ ጉብሬ ደረስን። የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ያለው እዚህ ነው፤ ተማሪዎች ደብተር ይዘው በመንገዱ ዳር ይተራመሳሉ። ወልቂጤን ወደ ኋላ ትተን ወደ እምድብር ታጠፍን። ከዋናው መንገድ ወጥተን ጀፎሮው ላይ ስንገባ ልጄ፣ «ስታዲየም ነው እንዴ?» አለ። ጀፎሮን ላላያችሁት፦ የጉራጌ መንደር መካከል የሚያልፍ፣ ሣር የለበሰ፣ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረዋል። ሠርግ የሚደገሰው፣ ሽማግሌ የሚቀመጠው፣ ለቅሶ የሚደረሰው እዚያ ላይ ነው። ማንም አጥሩን ገፍቶ አንድ ክንድ አይቆርጥለትም። ከተማ ውስጥ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ለምንጣላ ሰዎች ይህ ተአምር ነው።

እትዬ ደጃቸው ላይ ቆመው አገኘናቸው። ማንም አልደወለላቸውም። መኪና ጀፎሮው ላይ ሲገባ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ስለሚሮጥ፣ እንግዳ መምጣቱን ለማወቅ ስልክ አያስፈልግም። እኔን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሁሉም ሰው እናቴን እመስላለሁ ይላል። ከዚያ አባዬን አዩና እጃቸው ወደ ታች ወረደ።

አባዬ ቀረብ ብሎ ቆመ። ሻንጣዋን ከፈተ። መድኃኒት አልነበረም፤ የእናቴ ነጠላ ነበር፤ ለክርስትና፣ ለሠርግና ለመስቀል ብቻ የምትለብሰው፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነው። ለካ ከአዲስ አበባ ስንነሣ ጀምሮ ወደዚህ ነበር የሚመጣው። ዕቅድ የነበረው እሱ ነው፤ እኔ ሰንጠረዥ ብቻ ነበር የያዝኩት።

ነጠላውን በሁለት እጁ ይዞ መናገር ጀመረ። በቸሃ። አባዬ ቸሃ ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም። እየተሰናከለ፣ ቃል እየፈለገ፣ አንዳንዴም በመሃል አማርኛ እየገባበት ተናገረ። ከእናቴ ተምሮት ኖሯል፤ መቼ እንደተማረው አላውቅም፤ ምናልባት እኛ ከተኛን በኋላ። ከተናገረው ሁሉ የገባኝ የእናቴ ስም ብቻ ነው። አራት ጊዜ ጠራው።

እትዬ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ነጠላውን ተቀብለው ፊታቸውን ቀበሩበት። ከዚያ ጮኹ። አምስት ዓመት የቆየ ለቅሶ ነበር። ጎረቤት ከየቤቱ ወጣ፤ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ ጀፎሮው ላይ ሰው ሞላ። ሳንጠራው ለእናቴ ለቅሶ ተቀመጠ። እኔም በዚያ ነሐሴ ያላለቀስኩትን አለቀስኩ። ልጄ ግራ ገብቶት እጄን ይዞ ቆመ፤ የማያውቃት አንዲት አሮጊት አቅፋ ወደ ጓሮ ወሰደችው።

በኋላ ቡና ተፈላ፤ ቅቤና ጨው ገብቶበት። እትዬ አባዬን ከጎናቸው አስቀመጡት። ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ እሱም ይቅር በይኝ ሲል በአማርኛ አልሰማሁም። ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ግን እኔን ጠርተው ጓሮ ይዘውኝ ሄዱ። አንድ ትልቅ እንሰት አሳዩኝ። ግንዱን ሁለት ሰው ተያይዞ ያቅፈዋል።

«ይሄን የተከልኩት እሷ ባረፈችበት ዓመት ነው» አሉኝ። «እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል። ስትመጡ ይፋቃል ብዬ አስቀምጬው ነበር። ዘንድሮም ካልመጣችሁ ለሰው ልሰጠው ነበር።»

«እንደምንመጣ በምን አወቁ?»

«አላወቅኩም። ተክል ነዋ፤ ይተከላል፣ ይጠበቃል።»

እንሰት ዛሬ ተቆርጦ ዛሬ አይበላም። ይፋቃል፣ ጉድጓድ ውስጥ በቅጠሉ ተጠቅልሎ ይቀበራል፣ እስኪብላላ ወራት ይቆያል። ስለዚህ ሌላ ጉዞ አለብን ማለት ነው። እትዬ ይህን በደንብ ያውቁታል።

በዚያ ቀን አዲስ አበባ መግባት አልቻልንም። እትዬ ሳይመሽ ሂዱ እያሉ ራሳቸው አመሹን። ወልቂጤ አደርን፤ ሰኞ ጠዋት አለቃዬ ጋ ደውዬ የቤተሰብ ጉዳይ ገጥሞኛል አልኩ። ውሸት አልነበረም። ወልቂጤ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በጅማ መንገድ ላይ ያለች የሞቀች ከተማ ናት። ጠዋት ገበያው ላይ ቅቤ፣ ሙዝና አቮካዶ ገዛን። ወሊሶ ላይ ቁርስ በላን። የወንጪ ሐይቅን የሚወስደውን መንገድ አልፈን ስንሄድ ልጄ፣ «ይሄኛው ሐይቅስ ሸይጣን አለው?» ብሎ ጠየቀ። በሚቀጥለው እናጣራለን አልነው።

ይህን ጉዞ ለመሞከር ለምታስቡ አንድ ሁለት ነገር ልንገራችሁ። ዙሩን በአንድ ቀን ለመጨረስ አትሞክሩ፤ ሁለት አዳር ያስፈልገዋል። ከመውጣታችሁ በፊት በመንገዱ ላይ ያለ ሰው ደውላችሁ የአካባቢውን ሁኔታ ጠይቁ፤ ሳይመሽም ግቡ። ለተራራው ለልጆች ሹራብ ያዙ። ነዳጅ ባገኛችሁበት ቅዱ። ከሁሉም በላይ ደግሞ በመንገዱ ላይ ያኮረፋችሁት ዘመድ ካለ፣ ሰንጠረዡ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ክፍት ተዉለት።

ዓለም ገና የደረስነው በቀኙ መንገድ ነው። መገንጠያው ላይ መኪና ተጨናንቆ ቆመን ሳለ የአባዬ ስልክ ጮኸ። ማያ ገጹን ከዓይኑ አርቆ ተመለከተ፤ ከዚያ ለእኔ አሳየኝ። የእትዬ ቁጥር ነበር። ለአምስት ዓመት ያልደወለ ቁጥር። መግባታችንን ለማወቅ ነው።

አባዬ አነሣው። በቸሃ ምን እንደሚባል ባላውቅም «ደርሰናል» ማለቱ ገባኝ። ልጄ ከኋላ ወንበር ያንን ቃል ደገመው። አባዬ ስልኩን ዘግቶ አጠራሩን አረመው፤ ልጄ እንደገና አለው። ቤታችን እስክንደርስ ድረስ እኔም በልቤ አብሬያቸው ስል ነበር።